ደብተር በማዳበሪያ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አራት ሴክሽን ይዣለሁ፤ በእያንዳንዱ 65 ተማሪ አለ። ከእያንዳንዱ ሴክሽን ጋር በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ እገናኛለሁ። እሑድ ማታ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን ሌሰን ፕላን እጽፋለሁ፤ ማክሰኞ ላይ ፕላኑና ክፍሉ ተለያይተዋል። ምክትል ዳይሬክተሩ በየቀኑ የቤት ሥራ መሰጠት አለበት ይላሉ። እሰጣለሁ። ግማሹ አይሠራም። ሌላው ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በፊት ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይገለብጣል። ላርም ብዬ ደብተሩን በማዳበሪያ ሞልቼ በባጃጅ ቤት እወስዳለሁ፤ ሳይታረም ይመለሳል። ባለቤቴ ‹ያገባሽው ደብተሩን ነው ወይስ እኔን?› እያለ ይቀልድ ነበር፤ አሁን አሁን ቀልድ አይመስልም። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ትራፊክ አደጋ የሚናገር ምንባብ አለን። የአንድ ሳምንት የክፍል ሥራና የቤት ሥራ እንዴት ነው የሚታቀደው? ደግሞ ከልጆቹ መካከል የእንግሊዝኛ ፊደል እንኳ በቅጡ የማያነቡ አሉ። እነሱንስ ምን ላድርጋቸው?»

ቲቸር፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አራት ጊዜ 65፣ 260 ደብተር ነው። አንዱን ደብተር ለመግለጥ፣ ለማንበብና ምልክት ለማድረግ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢፈጅብሽ 520 ደቂቃ ይሆናል። 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ማለት ነው። ይህ የአንድ ቀን የቤት ሥራ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ከሰጠሽ 43 ሰዓት አለፈ። ማስተማሩ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ሰነፍ ነኝ ወይ ብለሽ አትጨነቂ። ማንም ሰው የማይችለውን ነው እየሞከርሽ ያለሽው። ሒሳቡን ለባለቤትሽም አሳዪው።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?» የሚል ድርሰት አዘዝኩ። ደብተሩን ሰብስቤ ሳነብ በ11 ደብተር ውስጥ ያው አንድ አጎት ያገባል። በ11ዱም ሠርግ ላይ በሬ ይታረዳል። የበሬው ስም ደግሞ በ11ዱም ላይ በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፏል። ተናድጄ ለሁሉም ዜሮ ሰጠኋቸው። ዛሬ ሳስበው ዜሮው ለእኔ ነበር የሚገባው። ሊገለበጥ የሚችል ጥያቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት የሰበሰብኩትንም አንብቤ መልሼላቸው አላውቅም። ልጆች ይህን ቶሎ ያውቃሉ፤ የማይነበብ ነገር ለመጻፍ ማን ይደክማል?

እኔ የምመክርሽ ነገር አንድ ነው። ማየት የማትችይውን የቤት ሥራ አትስጪ። ማየት ስል ቀይ እስክሪብቶ ማለቴ አይደለም። ልጁ ማታ የሠራው ነገር በማግስቱ ክፍል ውስጥ ካልተፈለገ አልታየም ማለት ነው። የቤት ሥራ የነገው ትምህርት ስንቅ መሆን አለበት። ያልያዘ ሰው መጉደሉ ወዲያው ይታወቅበት፤ የያዘም ይብላው።

እቅዱን ከሰኞ አትጀምሪ። ከሳምንቱ መጨረሻ ተነሺና ወደ ኋላ ነይ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ በራሱ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ዓረፍተ ነገር ያላት አንቀጽ ይጽፋል እንበል። ርዕሷ «ያየሁት ወይም የሰማሁት አደጋ» ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ከ65 ልጆች መካከል በመኪና አደጋ ዘመድ የሞተበት አይጠፋም። ስለ አደጋ መጻፍ የከበደው ልጅ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ስላለው አስቸጋሪ መንገድ መጻፍ ይችላል ብለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ምክንያቱን አትጠይቂ።

ያቺ አንቀጽ መድረሻሽ ናት። አሁን ራስሽን ጠይቂ። ይህን ለመጻፍ ልጁ ምን ያስፈልገዋል? ሰባት ስምንት ቃል። ያለፈ ጊዜ ግሥ። የነገር ቅደም ተከተል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚናገረው ነገር። የቀሩት ክፍለ ጊዜዎች ሥራ ይህንን ማቀበል ነው። የማያቀብል መልመጃ መጽሐፉ ላይ ካለ ለሌላ ሳምንት አቆዪው። መጽሐፉ አይቀየምም።

ሌላም አለ። አምስት ክፍለ ጊዜ ካለሽ አራት አቅጂ። አምስተኛው መጥፋቱ አይቀርም። ስብሰባ ይጠራል፣ ዝናብ ይጥላል፣ በኅዳር ደግሞ ከገጠር የሚመጡት ልጆች አጨዳ ላይ ናቸው። ካልጠፋ ያልገባቸውን ትደግሚበታለሽ። ደግሞ ፕላንሽ ላይ «ሰኞ፣ ማክሰኞ» ብለሽ አትጻፊ። አራቱ ሴክሽኖች ፕሮግራማቸው አንድ አይደለም። 9ኛ ሀ ማክሰኞ ሁለት ተከታታይ ፔሬድ ሲኖረው 9ኛ መ እስከ ረቡዕ ላታገኚው ትችያለሽ። «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ብለሽ ቁጠሪ። ፕላኑ ማክሰኞ ላይ የሚፈርስብሽ በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንደኛው ክፍለ ጊዜ የወሬና የቃል ነው። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ቢባልም ስም ተጠርቶ፣ ሰሌዳ ተጠርጎ፣ የዘገየው ገብቶ እስኪቀመጥ 32 ቢቀርሽ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን በጽሑፍ አትሙዪው፤ ሲገለብጡ ጊዜው ያልቃል። መስቀለኛ መንገድ ብቻ ሣዪ። አንድ ሚኒባስ፣ አንድ ባጃጅ፣ አንድ አህያ። ምን ሊፈጠር ነው ብለሽ ጠይቂ። በአማርኛ ይመልሱልሽ፣ አትቆጪ። እንግሊዝኛውን አንቺ ታቀብያቸዋለሽ። እዚህ ላይ የምወደው ጨዋታ አለኝ። «ፍሬን በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» በያቸው። ግማሹ ክፍል «ፍሬን እኮ እንግሊዝኛ ነው!» ይልሻል። ፍሬን ጣሊያንኛ ነው። ጎማም፣ ማርሽም፣ ፍሪሲዮንም ከጣሊያን ነው የመጡልን። እንግሊዝኛው «ብሬክ» ነው፣ ጎማው «ታየር»። ሰፈር ውስጥ ጋራዥ የሚውል ልጅ ካለ በዚያ ቀን ክፍሉን እሱ ያስተምረዋል። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ሰባት ስምንቱን ጻፊና በቃ።

የዚያን ቀን የቤት ሥራ ሦስት ጥያቄ ናት። ከትምህርት ቤት እስከ ቤትህ ስንት መንገድ ትሻገራለህ? የትኛው ያስፈራሃል? ለምን? ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አሥር ደቂቃ። ይህ መጽሐፍ አይፈልግም፤ አንድ መጽሐፍ ለሦስት በሚነበብበት ክፍል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለመገልበጥም አይመችም። የሁሉም ቤት በተለያየ መንገድ ነዋ! የመጀመሪያውን ጥያቄ ደወሉ ከመደወሉ በፊት እዚያው ይጀምሩት። ክፍል ውስጥ ያልተጀመረ የቤት ሥራ ቤት ሲደርስ ይረሳል።

ደቂቃውን አጥብቄ የምነግርሽ በምክንያት ነው። የ9ኛ ክፍል ልጅ ከአሥር በላይ ትምህርት አለው። አሥር መምህራን እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ቢሰጡት 5 ሰዓት ነው። ልጅቷ ግን ቤት ስትደርስ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። አሥር ደቂቃ ከጠየቅሻት ትሰጥሻለች። ሰዓት ከጠየቅሻት ጠዋት ደረጃው ላይ ታገኛታለሽ።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በዚያ የቤት ሥራ ይከፈታል። ጥንድ ጥንድ ሆነው ያነባሉ፣ ስድስት ደቂቃ። አንቺ በዴስኮቹ መካከል ትሄጃለሽ። ባዶ ደብተር ከሩቅ ይታያል። ባዶ የሆነውን አታስወጪው፤ ጓደኛው በቃል ይጠይቀው፣ እሱም እዚያው ይጻፍ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ቤት መሥራቱ እንደሚቀል ራሱ ይደርስበታል።

ከዚያ ምንባቡ። አንድ ነገር ተዪልኝ፤ ልጆቹን በየተራ እያስነሱ ድምፅ አሰምቶ ማስነበብ። አንዱ እየተንተባተበ ሲያነብ 64ቱ ይተኛሉ፣ ያነበበውም ምን እንዳነበበ አያውቅም። የመጀመሪያውን አንቀጽ አንቺ በደንብ አንብቢላቸው፣ ዜማው ጆሯቸው ይግባ። ቀሪውን ዝም ብለው ያንብቡ፤ ከማንበባቸው በፊት ግን አንድ ጥያቄ ስጪ። «አደጋው እንዳይደርስ ማን ምን ማድረግ ይችል ነበር?» ዓይነት። መልሱን በአማርኛም ይናገሩ ግድ የለም፤ ግን «የትኛው መስመር ላይ አገኘኸው?» በይ። ጣቱን መስመሩ ላይ ማስቀመጥ ካልቻለ ገምቷል እንጂ አላነበበም። የመጽሐፉን የምንባብ ጥያቄዎች ሁሉ አታስሠሪ፤ ሦስቱ ይበቃሉ።

የቤት ሥራው ይህ ነው፦ ቤት ያለ አንድ ትልቅ ሰው ስላየው አደጋ ጠይቁ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት አከራያቸውን ወይም የባጃጅ ሾፌር ይጠይቁ። ታሪኩ በአማርኛ ይነገር። ልጁ ደብተሩ ላይ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ማስታወሻ ብቻ ነው። መቼ፣ የት፣ ማን፣ ምን ሆነ፣ ከዚያስ?

ሦስተኛው ላይ ሰዋስው ይመጣል። እዚህ ብዙ አልቆይም፤ አንቺም አትቆዪ። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው «አይ ዋዝ ዎኪንግ… ዌን አይ ሶ…» የሚለው አካሄድ ነው። ስሙን ከማስተማርሽ በፊት በአማርኛ አስጀምሪያቸው። «እየተሻገርኩ ሳለ መኪናው መጣ» ስንል የትኛው ድርጊት ረጅም ነው፣ የትኛው ድንገት ገባ? ይህን ልዩነት ቋንቋቸው ውስጥ ያውቁታል። እንግሊዝኛው ለዚያው ነገር ሌላ ልብስ አለበሰው። ግሡን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ መወርወር የለመደ ልጅ ግን መሐል ላይ ማስቀመጥ ይቸግረዋል። እሱን አሥር ጊዜ በቃል አስብያቸው። ከዚያ በማስታወሻቸው ታሪኩን ለጓደኛቸው ይንገሩ። ክፍሉ ይንጫጫል። ምክትል ዳይሬክተሩ በመስኮት ብቅ ይሉ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ነው የሚንጫጩት በያቸው። (ግማሹ በአማርኛ ይሆናል። እኔ አልናገርም።)

የሦስተኛው ቀን የቤት ሥራ ሥዕል ነው። ገጹን አራት ቦታ ከፍሎ ታሪኩን በአራት ሥዕል መሣል፣ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ያለፈ ጊዜ ግሥ መጻፍ። ጎበዝ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። ይህን ለመገልበጥ የሚደክም ልጅ ብታገኚ እንኳ ግሡን ጽፏል።

አራተኛው ላይ ሥዕሉን ፊቱ አስቀምጦ አንቀጹን ይጽፋል። ሃያ ደቂቃ ዝምታ። የቀረውን ጊዜ ደብተር ተለዋውጠው ከግሦቹ ሥር ያሰምሩ፤ ሌላ ምንም አያርሙ። ከዚህ በኋላ የቤት ሥራ የለም። ዓርብ ከሰዓት ብዙዎቹ ስንቅ ሊያመጡ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። በሶና ቆሎ ተሸክሞ እሑድ ማታ በእግሩ የሚመለስ ልጅ ደብተር አይገልጥም፤ ባይገልጥም አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ማዳበሪያው እንምጣ። 260 አንቀጽ አታነቢም። እያንዳንዱን ሴክሽን 13 ልጅ ባሉበት አምስት ቡድን ክፈዪ። አንቀጹ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ዕጣ ይውጣ፤ የወጣለት ቡድን ብቻ ደብተሩን ያስረክባል። በአራቱ ሴክሽን 52 ደብተር። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብትሰጪ 156 ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በአምስት ሳምንት የሁሉንም አነበብሽ። ጮሌዎቹ ግን በሦስተኛው ሳምንት ይነቁብሻል። «የኛ ቡድን ወጥቷል፣ እስከ ሌላ ወር ነፃ ነን» ይላሉ። ስለዚህ ቀድሞ ከወጣላቸው መካከል በየሳምንቱ ከየሴክሽኑ ሦስት ስም ጨምረሽ ጥሪ። 12 ደብተር ይጨመርብሻል፣ ግን ነፃ ነኝ የሚል አይኖርም።

ስታርሚ የሳምንቱን ነገር ብቻ እረሚ። የሳምንቱ ነገር ያለፈ ጊዜ ግሥ ከሆነ ግሡን። ሌላው ስህተት ዓይንሽን ቢወጋሽም እለፊው። ከጎኑ ስለ ታሪኩ አንድ ነገር ጻፊ፣ «አህያዋስ ተረፈች?» ቢሆንም። ልጁ ደብተሩን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው። ደጋግመው ያየሻቸውን ሦስት ስህተቶች በሚቀጥለው ሳምንት ስም ሳትጠሪ ሰሌዳ ላይ አውጪ። «አይ አም አግሪ» እና «ሂ ጎ» እንደማይጠፉ ከአሁኑ እነግርሻለሁ።

ምክትል ዳይሬክተሩን በተመለከተ አትከራከሪያቸው። በየቀኑ የቤት ሥራ ያሉት ልጆቹ ቤት ሲገቡ ትምህርቱን እንዳይረሱት ብለው ይሆናል። ከአራት ሳምንት በኋላ አምስት ደብተር ይዘሽ ቢሮአቸው ግቢ። ሁለት ጎበዝ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አንድ ደካማ። አራት አራት አንቀጽ ታሳያቸዋለሽ። በሳምንት ሦስት የቤት ሥራ እሰጣለሁ፣ ሦስቱም በማግስቱ ክፍል ውስጥ ይገባሉ በያቸው። ከተቻለ አንቀጹን ከተከታታይ ምዘናው ነጥብ ላይ አድርጊው፤ ልጆቹ ማርክ ያለበትን ነገር ያከብራሉ።

«ፈተና ላይ የሚመጣው ምርጫ ነው፣ መጻፍ ምን ያደርግልናል?» የሚል ተማሪም አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው። ግን የታሪኩም የባዮሎጂውም ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። የ2014 ፈተና ውጤት ጥር 2015 ላይ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉን በቋንቋ አላሳብብም። ነገር ግን ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ያልገባው ልጅ ያጠናውንም አይሠራውም። በራሱ ዓረፍተ ነገር የሠራ ልጅ የሌላውን ዓረፍተ ነገር ፈትቶ ለማየት ይቀለዋል። ይህን ንገሪያቸው፣ ባጭሩ።

የቀረው የማያነቡት ልጆች ጉዳይ ነው። እነዚህን በመላው ክፍል ፊት አታስነብቢ፤ ያን ቀን ከእጅሽ ይወጣሉ። ሌሎቹ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ሦስት ሦስቱን ወደ ጠረጴዛሽ እየጠራሽ ሁለት መስመር አስነብቢ። እነማን እንደሆኑ በሁለት ሳምንት ታውቂያለሽ። ደደብ እንዳልሆኑ ለራሳቸው ንገሪያቸው። በእኛ ፊደል «ቡ» ሁልጊዜ «ቡ» ናት። እንግሊዝኛው ግን ያችኑ አንዲት «ኤ» በ«ኬክ»፣ በ«ካር» እና በ«ኮል» ውስጥ ሦስት ድምፅ ያሰማባታል። አማርኛን አቀላጥፎ የሚያነብ ልጅ እዚህ ሲደርስ ቢደናገር አያስገርምም።

ለእነዚህ ልጆች መገልበጥ ኩረጃ አይደለም። የእነሱ የቤት ሥራ ከምንባቡ ሦስት መስመር በጥንቃቄ ገልብጦ ታላቅ እህት ወይም ጓደኛ ፊት ማንበብ ይሁን። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰንደቅ ዓላማ በፊት 15 ደቂቃ ስጫቸው። መጽሐፉን ተዪውና ከሚያውቁት ቃል ጀምሪ። የከተማው ታፔላ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ነው የተጻፈው። ባንክ፣ ሆቴል፣ ታክሲ። አማርኛውን ስለሚያውቁ እንግሊዝኛውን በግምት ይደርሱበታል፣ ከግምቱ ፊደሉን ይይዛሉ።

እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ነበረኝ። መድኃኒት ቤት በር ላይ ቆሞ ታፔላውን ሲያይ ቆይቶ በማግስቱ መጣና «ቲቸር፣ ፋርማሲ በ‹ኤፍ› መጀመር አልነበረበትም? እነሱ በ‹ፒ› እና በ‹ኤች› ነው የጻፉት። ተሳስተዋል?» አለኝ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ፤ አላሳመንኩትም። በዚያ ሳምንት ከመነኸሪያው እስከ ገበያው ያለውን ታፔላ ሁሉ ለቅሞ በደብተሩ ጽፎ መጣ። ማንም አላዘዘውም። ስህተት ናቸው ያላቸውን አስምሮባቸው ነበር። ሁለቱ እውነትም ስህተት ነበሩ።